ነስካፌ ለምን አይጥምም፦ ጥፋቱ የከፍታው፣ የውሃው ወይስ የእጃችን?

ሰላም ለሁላችሁ። ነስካፌ ስል የአንድ ድርጅት ምርት ማለቴ አይደለም፤ ሰፈሩ እንደሚጠራው በውሃ የሚሟሟውን ቡና ሁሉ ማለቴ ነው። ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከለገጣፎ ወይም ከሱሉልታ ወደ መሐል ከተማ ለሥራ የሚገባ ሰው ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቡና ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ ጀበና አይጥድም። ስለዚህ በየኮንዶሚኒየሙ ኩሽና አንድ ብልቃጥ ወይም አንድ እፍኝ ሳሼ አይጠፋም። የሚወጣው መጠጥ ግን ወይ ያረረ ገብስ ይመስላል፣ ወይ አፍ ይይዛል።

የኔ ግምት ሁለት ነው። አንደኛ፣ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ዱቄቱ በቅጡ አይሟሟም። ሁለተኛ፣ ነስካፌ ጥሩው ቡና ተጠልሎ ካበቃ በኋላ ከሚተርፈው አተላ የሚሠራ ነው። ትክክል ነኝ? ደግሞስ ግሪኮች፣ ኮሪያዎች፣ ሕንዶች በየቀኑ የሚጠጡት ምን ቢያደርጉት ነው?

ተጨማሪ፦ ክሩ (ይህ ጥያቄና ከሥሩ የተጻፉት መልሶች) 22 መልስ ስለደረሰና መሐሉ ላይ ጠብ ስለገባበት፣ አዲስ ለሚመጣ ሰው መልሶቹን በየቁጥራቸው ከታች አስቀምጫለሁ። ሁለቱም ግምቶቼ ውድቅ እንደሆኑ ከወዲሁ ልናገር።

1. ከለገጣፎ የጻፈችው እህት በሰላምታ ጀምራ የመጀመሪያውን ግምቴን በጨዋነት አፈረሰችው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ300 ሜትሩ የውሃ መፍያ በ1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ በ2,100 ሜትር 93፣ በ2,400 ሜትር 92፣ በ2,700 ሜትር 91 አካባቢ መሆኑ ነው። ሱሉልታ ላይ የሚፈላ ውሃ አቃቂ ላይ ከሚፈላው በትንሹ ለዘብ ያለ ነው። ለነስካፌ ግን ይህ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። ዱቄቱ አንዴ ፈልቶና ተጠልሎ የደረቀ ቡና ስለሆነ ከ80 እስከ 85 ዲግሪ ይበቃዋል፤ እየተንተከተከ ያለ ውሃ ሲደፋበት የቀረችው ጥቂት መዓዛ በእንፋሎት ታመልጥና ምሬቱ ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ ኬትሉ ከጠፋ በኋላ ክዳኑን ከፍቶ 2 ወይም 3 ደቂቃ መታገሥ ነው። ከፍታው የሚያስቸግረው ባቄላንና ክክን፣ ከመጠጥ ደግሞ ጀበናን እንደሆነ አስረድታለች፤ እነዚህ የጎደለችውን ሙቀት በጊዜ ማካካስ አለባቸው።

2. አጭር ናት። ሙቁን ውሃ ከመጨመር በፊት ዱቄቱን በአንድ የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ማለስለስ። ሙቅ ውሃ በደረቁ ዱቄት ላይ ሲደፋ የጓጎለው ላዩ ይረጥብና ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይቀራል፤ በመጨረሻው ጉንጭ ምላስ ላይ የሚፈርጠው እሱ ነው። በዚህ የተከራከረ አልነበረም።

3. ከሰበታ የጻፉት ሰው (አጻጻፋቸው ፋብሪካ ውስጥ የሠሩ ያስመስላል) አተላ ያልኩትን ነገር ይዘው በሰፊው ሄዱበት። ቤት ውስጥ ስናፈላ ከ100 ግራም የተቆላ ቡና ወደ ውሃው የሚገባው 20 ግራም ገደማ ነው። ፋብሪካው ግን ውሃውን በግፊት ከ150 ዲግሪ በላይ አሙቆ የተፈጨ ቡና በሞላባቸው ረጃጅም የብረት ዓምዶች ውስጥ ስለሚያሳልፈው ከ40 እስከ 50 ግራም ያወጣል። ትርፉ የሚገኘው በተራ መፍላት የማይወጣውን የፍሬውን እንጨት መሰል ክፍል ሰባብሮ በማሟሟት ነው፤ እኔ ያረረ ገብስ ያልኩትም ጣዕም ከዚያ ይመጣል። እንግዲህ ነስካፌ ከአተላ የተሠራ ሳይሆን አተላው እስኪያልቅበት የተጨመቀ ቡና ነው። አንድ ኪሎ ነስካፌ በዓለም አቀፉ የቡና ንግድ ስሌት 2.6 ኪሎ ጥሬ ቡና ተደርጎ ይቆጠራል።

ማድረቂያው ሁለት ዓይነት ነው ብለዋል። አንደኛው ፈሳሹን ከማማ አናት ላይ እንደ ካፊያ እየረጩ በጣም በጋለ አየር መሐል ማውረድ ነው፤ ወለሉ ሳይደርስ ዱቄት ይሆናል። ሁለተኛው ፈሳሹን ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ አቀዝቅዞ፣ በረዶውን ሰባብሮ፣ አየር በተመጠጠለት ክፍል ውስጥ በረዶው ውሃ ሳይሆን በቀጥታ እንዲተን ማድረግ ነው። ይኼኛው ሙቀት ስለማይነካው መዓዛውን የበለጠ ይይዛል፣ ዋጋውም ይወደዳል። ሱቅ ላይ በዓይን ለመለየት፦ በሙቅ አየር የደረቀው ደቃቅ ዱቄት ወይም ለስለስ ያለ ድብልብል ቅንጣት ነው፤ በቅዝቃዜ የደረቀው ደግሞ የተሰበረ ጠጠር የሚመስል፣ ማዕዘን ያለው፣ ቀለሙም ፈካ ያለ ነው። የዋጋ ዝቅተኛው ነስካፌ በአብዛኛው ከሮቡስታ ይሠራል። ሮቡስታ ካፌኑ ከአረቢካ ወደ እጥፍ የሚጠጋ፣ ብዙ የሚሟሟ ነገር የሚያወጣ፣ ርካሽ ቡና ነው። የኛ ቡና አረቢካ ስለሆነ ምላሳችን ሮቡስታን አያውቀውም፤ አፍ የያዘን እሱ ሊሆን ይችላል። መጨረሻ ላይ ግን ነገሩን ሁሉ በ1938 እ.ኤ.አ. የፈጠረው የስዊሱ ኩባንያ ኔስሌ ነው አሉና ለቀጣዩ ሰው በር ከፈቱ።

4. ይህ መልስ ጋሼ ብሎ ጀምሮ ቀኑን አረመ። በኒውዚላንድ ኢንቨርካርጊል ከተማ ዴቪድ ስትራንግ የሚሟሟ ቡና የፈጠራ መብት ያወጣው በ1890 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጃፓናዊው ኬሚስት ሳቶሪ ካቶ ደግሞ በ1901 በአሜሪካ ቡፋሎ በተደረገው ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ የራሱን አሳይቷል። በ1938 የሆነው ሌላ ነው። ከ1929ኙ የዓለም ገበያ ውድቀት በኋላ ብራዚል ገዢ ያጣ ቡና ተከምሮባት ነበርና የሚቀመጥበትን መላ ፈልጉልን ብላ ኔስሌን ጠየቀች፤ ማክስ ሞርገንታለር የተባለ ኬሚስት ዓመታት ከደከመበት በኋላ ውጤቱ በስዊዘርላንድ ገበያ ላይ ዋለ። በዚያው ዘመን ብራዚል የተረፋትን ቡና ታቃጥል እንደነበር ጨምሮ ጽፏል።

5. የሰበታው ሰው ናቸው። እርማቱን ተቀበሉ፣ አመሰገኑ። (እንዲህ ያለ መልስ በዚህ ክር ውስጥ የመጨረሻው ነበር።)

6. ስለ ኮሪያ የሚያውቅ ሰው መጣ፤ ለኔ የክሩ ዋና መልስ ይሄ ነው። ኮሪያ ውስጥ ቡና፣ ስኳርና ክሬመር በአንድ ላይ ታሽጎ የወጣው በ1976 እ.ኤ.አ. ዶንግሶ በተባለው ድርጅት ነው። አንዷ ዘንግ 12 ግራም ገደማ ስትሆን ከዚያ ውስጥ ቡናው 2 ግራም እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ስኳርና ከአትክልት ዘይት የተሠራ ክሬመር ነው። የምትበጠበጠው ደግሞ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ በትንሽ የወረቀት ኩባያ ነው። እኛ ጋ ያቺው ስሪ ኢን ዋን 300 ሚሊ በሚይዝ ትልቅ ኩባያ ውስጥ ትደፋለች፤ ከዚያ ቀጠነች ተብሎ ስኳር ይጨመራል፣ ቀጥሎ ሁለተኛ ሳሼ ይቀደዳል። ጥፋቱ የሳሼዋ እንዳልሆነ ጸሐፊው በቁጥር አሳይቷል፤ 100 ሚሊ ማለት ከቡና ሲኒ ጥቂት የሚበልጥ፣ የሻይ ብርጭቆ የማይሞላ ነው። ጥቁሩን ለሚጠጣ፦ ጉብ ያለች አንድ የሻይ ማንኪያ 2 ግራም ገደማ ትሆናለች፤ ልኳም ከ150 እስከ 180 ሚሊ ውሃ ነው። ያቺኑ ማንኪያ ሲኒ ላይ የሚገለብጥ ሰው ደግሞ እጥፍ ያህል አክርሮ እየጠጣ ነው መረረኝ የሚለው።

7. የግሪኩ ፍራፔ። ከመጽሐፍ ቅዱስ በምናውቃት በተሰሎንቄ፣ በ1957 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ንግድ ትርኢት ላይ፣ ሙቅ ውሃ ያጣ አንድ የኩባንያው ሠራተኛ ነስካፌውን በቀዝቃዛ ውሃ መምቻ ውስጥ መታው፤ አረፋው ሀገሩን ሁሉ ወረሰ። አሠራሩ፦ 2 የሻይ ማንኪያ ነስካፌ፣ የፈለጉትን ያህል ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ክዳኑ በሚጠብቅ ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ ግማሽ ደቂቃ አጥብቆ መናጥ፤ ከዚያ በረዶ ባለበት ብርጭቆ ገልብጦ በቀዝቃዛ ውሃ መሙላት፤ ወተት ለወደደ ወተት። ግሪኮች ሲያዙ ስኬቶ ካሉ ያለ ስኳር፣ ሜትሪዮ ካሉ ስኳሩ ከቡናው እኩል፣ ግሊኮ ካሉ እጥፍ ነው። ጸሐፊዋ ከአያት ጨፌ ናት፤ ሁለት ነገር አክላለች። ለዚህ መጠጥ ርካሹ ዱቄት ከውዱ ይሻላል፤ በሙቅ አየር የደረቀው ዘይት ስለሌለው አረፋው ይቆማል፣ ውዱ ግን ቶሎ ይከስማል። ሌላው፣ መብራት በጠፋ ቀን ያለ እሳትና ያለ ኬትል የሚሠራ ቡና ይሄ ነው።

8. እዚህ ላይ ድምፁ ትንሽ ጠነከረ። 7ኛው መልስ አንድ ነገር ዘሏል፤ ሙቅ ነስካፌ ውሃውን በማፍላቱ ከሆድ ሕመም ይጠብቃል፣ ፍራፔ ግን ከጀሪካን ወይም ከሮቶ ተቀድቶ ያልፈላ ውሃ ከሆነ አይጠብቅም። በረዶውም እንደዚያው። ቀዝቃዛ ቡና የሚፈልግ ማታ አፍልቶ ያሳድር ወይም የታሸገ ውሃ ይጠቀም። ልክ ነው፤ ብቻ በትሕትና ቢጻፍ ኖሮ ከ7ኛዋ ጋር ሦስት መስመር ስድብ ባልተለዋወጡ ነበር። እሱን ትቼዋለሁ።

9. ሕንድ። አንድ ማንኪያ ነስካፌ፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ አንድ ማንኪያ ውሃ ኩባያ ውስጥ አድርጎ ነጣ ያለ ክሬም እስኪሆን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በማንኪያ መምታትና ትኩስ ወተት ማፍሰስ። በ2020 እ.ኤ.አ. ዓለም ቤቱ በተዘጋበት ጊዜ ዳልጎና በሚባል የኮሪያ ስም የተዛመተው የዚሁ ዘመድ ነው፤ እኩል እኩል ቡና፣ ስኳርና ሙቅ ውሃ ተመትቶ ቀዝቃዛ ወተት ላይ ይቀመጣል። የማይነሳበት ምክንያት ሁልጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ውሃው በዝቷል፣ ወይም ስኳሩ ተቀንሷል። አረፋውን የሚፈጥረው ቡናው ነው፤ የሚያቆመው ግን ፈሳሹን የሚያወፍረው ስኳር ነው። ያለ ስኳር ይነሣል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል።

10. ከቡራዩ የጻፈው ሰው እስካሁን የተባለውን ሁሉ በአንድ ዱላ መታው። በቡና ሀገር፣ ከፋና ይርጋጨፌ ባሉበት፣ የሌላ ሀገር ሮቡስታ በውጭ ምንዛሪ ገዝቶ መበጥበጥ ውርደት ነው፤ ጥሩው ቡና ወደ ውጭ ይጫናል፣ ለኛ ግርዱ ይቀራል፣ በላዩ ደግሞ ነስካፌ ይጫንብናል። ስለ ግሪክ የምታወሩ ጎረቤታችሁን ቡና ጠርታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ሲል ጠየቀ።

11. የመለሰችለት የ1ኛዋ የለገጣፎ ጸሐፊ ናት፤ ጨዋነቷ ግን ተሟጦ ነበር። ከሀገሪቱ ምርት ግማሽ ያህሉ እዚሁ እንደሚጠጣ አስታወሰችው፤ ቡና አምርተው ሌላ ከሚጠጡ ሀገሮች ጋር አታመሳስለን አለች። ለውጭ የተመደበ ደረጃ ያለው ቡና በሀገር ውስጥ ገበያ እንዳይሸጥ ለረጅም ዘመን ሲከለከል መኖሩን አልካደችም፤ ያ የገበያ ጉዳይ እንጂ ማለዳ ነስካፌ የምትበጠብጥ ሠራተኛ ጥፋት አይደለም። ባህል ማለት ጀበና ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ሐረር የቡናውን ቅጠል ቁጢ ብሎ፣ ገለባውን ሐሸር ብሎ ያፈላል፤ በኦሮሞ ዘንድ ቡና ቀላ አለ፣ ፍሬው ከነሽፋኑ በቅቤ ይጠበሳል፤ የአዲስ አበባ ማኪያቶም ከጣሊያን ማሽን የወጣ ነው፣ ማንም ውርደት አላለውም። ቡናና ሻይ ተደራርቦ ስፕሪስ ሲባልስ?

12. ቡራዩ ተመለሰ። ነጥብ አልጨመረም፤ ለፈረንጅ ያደረች የሚል ስድብ ጨመረ። እኔ እንደ ክሩ ባለቤት የማዝነው አንድ ነገር ስለነበረው ነው። ጀበና ሰው ይሰበስባል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ሰዓት ይፈጃል፣ ዓላማውም ያው ሰዓቱ ነው። ነስካፌ ይህን አይተካም፤ እዚህ የጻፈ ሰው ሁሉ ደግሞ ይተካል አላለም።

13. አንድ ሰው ገብቶ ቡና ነው ወይስ ጠላ ጠጥታችሁ ነው የምትጽፉት ብሎ ሁሉንም አሳቀና ወደ ወተት ወሰደን፤ ደግ አደረገ። ሱሉልታ፣ ሰንዳፋና ሆለታ በር ላይ የታለበ ወተት ስለሚገኝ ብዙ ሰው ነስካፌን በሱ ይሞክርና ይቆራረጥበታል። ምክንያቱ ቡናው ኮምጠጥ ያለ መሆኑ፣ ወተቱም ጠዋት ታልቦ እስከ ማታ ሲቆይ መኮምጠጥ መጀመሩ ነው፤ ለብቻቸው የማይታወቀው ኮምጣጣነት ሲገናኙና ሙቀት ሲያገኛቸው ወተቱን ያረጋዋል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ አንድ ማንኪያ ወተት እሳት ላይ ማፍላት፤ ከተቆራረጠ ያ ወተት ለእርጎና ለአይብ እንጂ ለቡና አይሆንም፣ ሌላ መድኃኒት የለውም። ደህና ከሆነ ግን ሁሉንም በደንብ አፍልቶ (ጥሬ ወተት ሳይፈላ መጠጣት በሽታ ያመጣል)፣ ጥቂት በረድ ሲል ነስካፌውን በ2 የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ በጥብጦ ወደ ወተቱ መጨመር። ወተቱን ወደ ቡናው ማፍሰስ አይደለም፤ በብዙ ወተት መሐል የሚገባ ጥቂት ቡና ኮምጣጣነቱ ይበተናል፣ በጠንካራ ቡና መሐል የሚገባ ጥቂት ወተት ግን ዱላውን ብቻውን ይቀበላል።

14. ውሃ። የቧንቧው የበረኪና ሽታ ነስካፌ ላይ ከማንም በላይ ይታወቃል፤ ክዳን በሌለው ዕቃ ሌሊቱን ማሳደር አብዛኛውን ያባርረዋል። በዳር ሰፈሮች ብዙ ቦታ የሚመጣው የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ከባድ ውሃ ከሆነ ኬትሉ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፣ የቡናውን ኮምጣጣነት ስለሚገድልም መጠጡ ደብዛዛ ይሆናል። ቅርፊቱን ለማስለቀቅ ግማሽ አቼቶ ግማሽ ውሃ አፍልቶ 30 ደቂቃ መተው፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ንጹሕ ውሃ አፍልቶ መድፋት። አቼቶ ከሌለ የ2 ወይም 3 ሎሚ ጭማቂ። ዲግሪ የሚመረጥበት ዘመናዊ ኬትል ያለው ደግሞ 95 ላይ አድርጎ አይጠብቅ፤ እዚህ 95 የሚባል ውሃ ስለሌለ ሳያቋርጥ ይንተከተካል።

15. ይህችኛዋ በብዙ ሰው የተወደደች መልስ ናት። ሳሼው ተነፍቶ ስለሚመጣ ተበላሽቷል ብሎ የሚጥል አለ። አልተበላሸም። ዝቅ ባለ ቦታ፣ በባሕር ጠለል አካባቢ የታሸገ አየር ነው፤ በ2,400 ሜትር የውጭው የአየር ግፊት ከዚያ በሩብ ያህል ስለሚያንስ ውስጡ ያለው ይወጠራል። ብልቃጡም ክዳኑ ሥር ያለችው ወረቀት ተነፍታ ትታያለች፤ በማንኪያ ቢወጉ ዱቄቱ ፊት ላይ ይበተናል፣ ዳር ላይ በመርፌ ቀዳዳ ማስተንፈስ ነው። እውነተኛው ብልሽት መጠጠር ነው። ዱቄቱ እርጥበት ከአየር ይስባል፤ በክረምት ክፍት ከተተወ፣ በረጠበ ማንኪያ ከተቀዳ ወይም በፌስታል ተቋጥሮ ከተሸጠ ጠቁሮ ይጋገራል። ለመጠጣት አይገድልም፣ መዓዛው ግን ሄዷል።

16. ከዚህ በኋላ ክሩ መንገዱን ለቀቀ። ከገላን የጻፈው ስለ ነስካፌ ሳይሆን ተፈጭቶ ስለሚሸጥ ቡና አነሣ፤ ገብስና ሽምብራ ተቆልቶ ይቀላቀልበታልና መለያው ምንድን ነው? የራሱን መልስም ሰጠ፦ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ላይ አንድ ማንኪያ ቀስ ብሎ መበተን። ቡና ዘይት ስላለው ይንሳፈፋል፤ የእህል ዱቄት ቶሎ ሰምጦ ቡናማ ጅራት እየጎተተ ይወርዳል።

17. ለ16ኛው የተሰጠ እርማት። በጣም የደቀቀ ወይም የቆየ ቡናም ይሰምጣልና በዚህ ብቻ ባለ ሱቅ መወንጀል አይቻልም። ነስካፌ ደግሞ ስለሚሟሟ በዚህ ጭራሽ አይለይም፤ ቤተ ሙከራ የሚለካው ስኳሮቹን ነው፣ ድምር ግሉኮስ ከ2.46 በመቶ ወይም ድምር ዛይሎስ ከ0.45 በመቶ ካለፈ ሌላ ነገር እንደገባበት ይቆጠራል። ከኔ በቀር ማንም አላስተዋለውም እንጂ ትልቅ መልስ ነበር።

18. የኮንዶሚኒየም ጀበና። በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጀበና የሚሰነጠቀው ሽቦው አንዱን ቦታ ለይቶ ስለሚያግለው ነው፤ ከሥሩ ስስ ብረት ምጣድ አስገብቶ ከዝቅተኛ ሙቀት መጀመር፣ በጋለ ጀበና ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አለመጨመር። አዲስ ጀበና በአተላና በውሃ ሞልቶ ሁለት ሦስት ጊዜ በዝግታ በማፍላት ይሟሻል። በሳሙና አይታጠብም፤ ሸክላው ይጠጣውና በቀጣዩ አቦል ላይ ይመልሰዋል። ቡናው አንገቱ ላይ መጥቶ ሊገነፍል ሲል ማውረድ፣ መልሶ መጣድ፣ በመጨረሻ ማቶቱ ላይ ዘንበል አድርጎ 4 ወይም 5 ደቂቃ እስኪሰክን መተው። ከሰል ለሚጠቀም ደግሞ በረንዳ ላይ እንጂ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በፍጹም፤ ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ወዲያው ወደ አየር መውጣት ነው።

19. ምሬት ለመቀነስ ነስካፌ ላይ ቁንጥር ጨው የሚል ሐሳብ ቀረበ። ጨው ምሬትን ከምላስ ይደብቃል፤ በገጠሩ ብዙ ቦታ ቡና በጨው መጠጣቱም ይህንኑ ይሠራል። ልኩ በሁለት ጣት ጫፍ የምትያዝ ናት፤ ጨው ጨው ካለ በዝቷል። ጤና አዳም ለሚወድ ቅጠሉን ከውሃው በኋላ ጣል አድርጎ ከአንድ ደቂቃ በላይ አለማቆየት። ሴኔጋሎች ካፌ ቱባ የሚሉት ቡና ጃር በሚባል ቁንዶ በርበሬ መሰል ቅመም ይቆላል፤ ዓረቦች ፈዘዝ ብሎ የተቆላውን በሄል ያፈላሉ።

20. ጨው በቡና የሚል ሰው ቡና አያውቅም የሚል አንድ መስመር፣ ከሥሩም 19ኛው የመለሰው ከዚያ የባሰ አንድ መስመር። አልፌዋለሁ።

21. ጎረቤቶቻችን ተረሱ ያለ ሰው ታንዛኒያን አነሣ። ቡኮባ ላይ ፋብሪካ አለ፣ አፍሪካፌ የሚባለውን ከራሳቸው ቡና ያወጣል፤ ኬንያ ግን ቡናዋን ሸጣ ሻይ በወተት ትጠጣለች። እንግሊዞች ነስካፌን የወደዱት ለሻይ ኬትሉ ሁልጊዜ ተጥዶ ስለሚያገኙት ነው፤ ሌላ ዕቃ አያስፈልገውም። ፊንላንዶች በነፍስ ወከፍ ከዓለም ቀዳሚ ጠጪዎች ሆነው ሳለ ነስካፌ ብዙም አይነኩም፤ ፈዘዝ ያለ ቁሌት በወረቀት ማጥለያ ነው። የሰው ልማድ በቤቱ ውስጥ ቀድሞ የተቀመጠውን ዕቃ ይከተላል ባይ ነው። ቡራዩ ይህን መልስ ወዶታል፤ ለምን እንደሆነ አልጻፈም።

22. የመጨረሻው ጥያቄ ባዶው ብልቃጥ ለምን ይሆናል የሚል ነበር። በርበሬ እንዳይደረግበት ተባለ፤ ክዳኑ ውስጥ ያለችው ክብ ካርቶን ሽታ ትይዛለች፣ ለሌላ ነገር አይመለስም። የተቆላ ቡና ይሆንበታል፤ ነገር ግን ትኩስ ቁሌት ለአንድ ቀን ያህል ጋዝ ስለሚተፋ ያን ዕለት ክዳኑን ላላ አድርጎ መተው፣ በማግስቱ ማጥበቅ ነው።